ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚያልቅ ቤንዚን

የመርሻ መኪና ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ቤንዚኗ ያልቅ ነበር። ፍሬቻውን ሲያበራ የነዳጁ ቀስት ከመብራቱ ጋር እየዘለለ ይወርድና ባዶው ላይ ይተኛል፤ ፍሬቻው ሲጠፋ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቦታው ይመለሳል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ያሻቅባል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጋራዥ ይወስዳታል። የመርሻ ችግር የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር መሆኑ ነው። ከደብረ ታቦር መጥቶ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትዳርም የያዘው እዚሁ ነው።

"በገዛ ሙያዬ ጋራዥ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል?" ይላል፣ ሚስቱ ፍሬወይኒ በነዘነዘችው ቁጥር።

"ሰውማ እያለህ ነው" ትለዋለች እሷ።

እውነቷን ነው። ባለፈው ሳምንት ቀስቱ ተኝቶ አልነሳ ሲለው ደንግጦ ማደያ ሄደና ሦስት ሰዓት ተሰለፈ። ተራው ደርሶ ቀጂው ቧንቧውን ገና ከመክተቱ ቤንዚኑ ገንፍሎ የመርሻን ጫማ አጠበው።

"ሓወይ፣ ኧረ ወንድሜ፣ ሙሉ ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ ቀጂው። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ባንድ ላይ ለቀቀበት።

በዚህ ተናዶ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳሽቦርዱን ራሱ ፈታው። ዓይናለም ሰፈር ያለው ግቢያቸው ውስጥ ከኢንተርኔት ያወጣውን የሽቦ ንድፍ ዘርግቶ፣ ንፋስ እንዳይወስድበት በድንጋይ ጫን አድርጎ፣ ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። ሲጨርስ ሦስት ብሎን ተረፈው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ፤ ዳሽቦርዱ ግን ጭልም አለ። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ነው የሚበራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሻ ምን ያህል እየፈጠነ እንደሆነ ለማወቅ ፍሬን መያዝ ግድ ሆነበት።

ማክሰኞ ጠዋት አማቱ ወይዘሮ ለተንሳኤ የዓይናቸውን ሞራ አስገፍፈው ከአዲስ አበባ ተመለሱ። መርሻ ሊቀበላቸው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። አማቹ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ቢሞላውም፣ ፊቱን አጥርተው ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ትክ ብለው አዩት።

"እዋይ ወደይ... ልጄ፣ እንዲህ ነህ እንዴ?" አሉ።

"አዎ ኣደይ" አለ መርሻ፤ እንደ ሚስቱ 'እናቴ' ማለቱ ነው፤ ሻንጣቸውንም ተቀበላቸው።

ከፊት ወንበር ተቀመጡና የመንገዱን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፋርማሲውን አነበቡ፣ የቆርቆሮ መሸጫውን አነበቡ፣ ከፊታቸው የሚሄደውን የሎንቺና አውቶብስ የኋላ መስታወት ጥቅስ አነበቡ። ከኲሓ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዓይናቸው ወደ ዳሽቦርዱ ዞረ።

"ይሄስ? ለምን ጨለመ?"

"ይበራል ኣደይ" አለና ፍሬኑን ረገጠ። በራ። ለቀቀው። ጠፋ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ረገጠ። የወይዘሮ ለተንሳኤ ነጠላ ከትከሻቸው ተንሸራተተ።

"ምን ሆነህ ነው የምታንገጫግጨኝ?"

"ፍጥነቴን ለማየት ነው።"

"ቆመህ ምን ፍጥነት አለህ?"

መርሻ ማርሹን ቀየረ። እሳቸው ወደ ንባባቸው ተመለሱ፤ ከተማው መግቢያ ላይ ካለ የቆርቆሮ በር በላይ የተጻፈውን አነበቡ። "የመኪና... ኤሌክትሪክ... ጥገና። ወደይ፣ አቁም!"

አማት አቁም ብላ የማያቆም አማች የለም። መርሻ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ከጋራዡ ውስጥ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ወጣት እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች፤ ስታየውም ፊቷ በራ።

"መምህር መርሻ! ዳናይት ነኝ፤ ሰርኪት ያስተማሩኝ።"

"ዳናይት! አስታወስኩሽ" አለ። ያስታወሳት ኤፍ እንደሰጣት ነበር። ከዚያ በኋላ በጦርነቱ ትምህርቱ ተቋርጦ ስለነበር፣ እሷም አጎቷ ጋራዥ ገብታ እንደቀረች ነገረችው። ቂም የያዘች አትመስልም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረው።

እፍረቱን ለመሸፈን ስለ ቮልቴጅ መዋዠቅ፣ ስለ ማይክሮ ቺፕ፣ ስለ ሴንሰር አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ማብራሪያ ሰጣት። ዳናይት እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችውና፣

"ማሳውን አይተውታል?" አለችው።

"የምን ማሳ?"

"ግራውንዱን። ከዳሽቦርዱ ወደ መኪናው ብረት የሚመለሰውን ሽቦ።"

መርሻ ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ አለ። የግራውንዱን ምልክት፣ ሦስቱን አጫጭር መስመሮች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየንድፉ ግርጌ ስሎታል። ሊዝግ የሚችል ነገር ነው ብሎ ግን አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

ዳናይት የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የዳሽቦርዱ ማሳ ላይ አደረገች። "ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት፤ አራት ቮልት ነው። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ስላጣ በፍሬቻውና በፍሬኑ ሽቦ ልመለስ እያለ ነው የሚያምሳት።" አንድ ትርፍ ሽቦ ከማሳው ወደ መኪናው ብረት ስትዘረጋ ዳሽቦርዱ ቦግ አለ፤ ቀስቶቹም እንደ ጨዋ ልጅ በየቦታቸው ቆሙ።

"ተገኘ!" አለ መርሻ።

"ገና ነው። ለምን እንደተበላሸ ካላየን ነገም ይመለሳል።" የፊት ወንበሩን ምንጣፍ ገለጠች። ማሳው የሚታሰርበት ብሎን ጥግ ላይ ዝጎ አፈር መስሏል፤ ዙሪያው እርጥብ ነው። "ውሃ ትጭናላችሁ እንዴ?"

"በየሳምንቱ!" አሉ ወይዘሮ ለተንሳኤ። "በጄሪካን፣ እዚሁ እግር ሥር። ክዳኑ ያፈሳል ብዬው ነበር፤ እግሬ ሲርስ ያወቅሁት ነው፣ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። 'ጠብታ ምን ያደርጋል ኣደይ' አለኝ።"

ዳናይት ሳቋን ዋጠች። ባትሪውን ፈታችና ብርጭቆ ወረቀት አምጥታ ልትንበረከክ ስትል መርሻ ከእጇ ተቀበላት።

"እኔ ላድርገው" አለ። "አንቺ አሳዪኝ።"

ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ በሚለብሰው ሱሪው ተንበርክኮ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገው። ዳናይት በላዩ ቆማ "በክብ ያድርጉት" ትለዋለች። አማቱም ጎንበስ ብለው በአዲሱ ዓይናቸው ይቆጣጠራሉ፤ "እዚያ ጥግ ቀርቷል። እዚያ! አይታይህም እንዴ ወደይ?"

ብሎኑ ተቀይሮ ሲጠብቅ መርሻ መኪናዋን አስነሳ። ወደ ግራ ፍሬቻ አበራ፤ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ወደ ቀኝም አበራ። ፍሬን ረገጠ። ከዚያ ወርዶ የዳናይትን በዘይት የራሰ እጅ ጨበጠ።

"እኔ አንቺን በፈተና ጥዬ፣ አንቺ..." ብሎ ጀመረና አላለቀለትም።

"ያኔ አልገባኝም ነበር መምህር" አለች ዳናይት። "እውነቴን ነው። የገባኝ እዚህ ነው።"

ቤት ሲደርስ ለፍሬወይኒ አንድም ነገር ሳይደብቅ ነገራት። በእርግጥ መደበቅም አይችልም ነበር፤ አማቱ ከበሩ ጀምረው እያወሩ ነው የገቡት።

በሁለተኛው ሳምንት ዳናይት በመርሻ ጋባዥነት ያረጀ ዳሽቦርድ ታቅፋ ተማሪዎቹ ፊት ቆመች። መርሻ ከፊት ወንበር ደብተር ይዞ ተቀመጠ። ዳሽቦርዱን ከባትሪ ጋር አገናኝታ፣ ሆን ብላ አንድ ቦታ አበላሽታው፣ ወደ ክፍሉ ዞረች።

"እሺ፣ ከየት ነው የምንጀምረው?"

ከመርሻ በቀር እጅ ያወጣ አልነበረም።

"መምህር፣ እርስዎ ይቆዩ" አለች ዳናይት። "ሌላ ሰው?"