የኃይለልዑል ቅዳሜዎች

«ይኸው ደግሞ ልትወርድ ነው» አለ በፈቃዱ፣ ከንፈሩን ወደ እታለማሁ ጆሮ አስጠግቶ። «ቁልፉን ይዛለች።»

እታለማሁ ቀና ሳትል በነጠላዋ ጫፍ ሥር አየች። የወንድሟ ሚስት ውብነሽ በለቀስተኛው መሀል ጎንበስ ብላ አለፈችና፣ በሩ ላይ ከተከመረው ጫማ ውስጥ የራሷን ፈልጋ አጥልቃ ወጣች። በዚያ ጠባብ የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። የእድሩ ሴቶች ምስር ወጥ ከአሉሚኒየም ትሪ እየጨለፉ ያድላሉ፤ አንዱ ለቀስተኛ መኪናዬን ቶው አድርገው ይወስዱብኛል ብሎ በመስኮት ቁልቁል ያያል። ውብነሽን ልብ ያላት የለም።

«የባሏ አፈር ሳይደርቅ ቤዝመንት ምን አላት?» ቀጠለ በፈቃዱ። የአጎታቸው ልጅ ነው፤ ከሥራው ኦፍ ወስዶ ከውድብሪጅ የመጣ። «ያቺ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ፈረንጅስ? ቀብር ላይ እንደ እህት ስትንሰቀሰቅ የነበረችው? ውብነሽን እጇን ይዛ ምን ነበር የምታንሾካሹክላት?»

«ተው በፈቃዱ፣ ሰው ይሰማል።»

አፉን ያዘችው እንጂ ሌሊቱን ስታብሰለስለው ያደረችው ይህንኑ ነው። ወንድሟ ኃይለልዑል የሞተው ከቤይ ብሪጅ ድልድይ ማዶ፣ በቆሎ የታጨደበት የገበሬ ማሳ ላይ ነው። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። እሺ፣ ልብ ይሁን። የሆቴል ቦይለርና ኤሲ የሚጠግን ሰው ግን ከተማውን ጥሎ ማሳ ላይ ምን ይሠራል? ውብነሽ ስትጠየቅ «ከጓደኞቹ ጋር ነበር» ትልና ዓይኗን ትሰብራለች። የትኞቹ ጓደኞች? ማን አገኘው ሲሏት ደግሞ «አንዲት ሴት» አለች።

ሰላም የነሳት የሰሞኑ ነገር ብቻ አልነበረም። ወንድሟ ቅዳሜ ተጠርቶ መጥቶ አያውቅም። ሠርግ ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን፣ እሷ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ቤቷ ማኅበር ስታወጣ፣ መልሱ ያው ነው፤ «ኦቨርታይም አለብኝ እትዬ»። አንድ ፋሲካ ዋዜማ ዶሮዋን በፌስታል አንጠልጥላ ሆቴሉ ድረስ ሄደችለት። በረኛው ሳቀና «ኃይሌ? እሱ እኮ ቅዳሜ ገብቶ አያውቅም» አላት። ዶሮውን ይዛ ተመለሰች፤ ለማንም አልተናገረችም። በማግሥቱ ኃይለልዑል ሊስማት ጎንበስ ሲል ጃኬቱ ሸተታት። የሲጋራ ሽታ አይደለም፣ የሴት ሽቶም አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ ደሴ ያደገች ሰው ያንን ሽታ አትስተውም፤ የተኩስ ሽታ ነው።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በፈቃዱ ሊከተላት ሲል በእጇ መለሰችው።

ከሕንጻው ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ለየተከራዩ በሽቦ የታጠረ የዕቃ ማስቀመጫ ስቶሬጅ አለ። ውብነሽ ከአንደኛው ገብታ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነገር በአንሶላ ትሸፍናለች።

«ምንድን ነው የምትሸፍኚው?»

ውብነሽ ክው አለች። «እትዬ! ምን አስወረደዎት? ደረጃው እኮ ጨለማ ነው።»

«ምንድን ነው አልኩሽ?»

«ዕቃ ነው።»

እታለማሁ አንሶላውን ሳበችው። ቀይና ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ እግራቸው ሥር ክንፍ ያወጡ ረጃጅም ቱቦዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መደርደሪያው ላይ የእሳት ምልክት የተለጠፈበት የብረት ሣጥን አለ። ያ ሽታም አለ።

«የመድኃኔዓለም ያለህ! ሚሳይል!» አለች፣ አንሶላውን ጥላ። «ወንድሜን ምን ውስጥ ነው የከተታችሁት? ያቺ ሴት ናት? እሷ ናት ያስገባችው?»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ እግዜር ያሳይዎት። ሮኬት ነው። የትልልቅ ሰዎች መጫወቻ። ክለብ አላቸው፣ ፈቃድም አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ወጥተው ያስወነጭፉታል፤ ከላይ ሲደርስ ፓራሹት ይከፍትና ይወርዳል፤ ሄደው ያነሡታል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«መጫወቻ ከሆነ ምን ያስደብቃል?»

ውብነሽ አንሶላውን ከመሬት አነሣች። «ከጎረቤት አይደለም የተደበቀው። ከፖሊስም አይደለም። ከእርስዎ ነው።»

እታለማሁ ሽቦውን ያዘች።

ኃይለልዑል ልጅ ሳለ የክብሪት ራስ ይፍቅ ነበር። ፍቆ ፍቆ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ይጠቀልልና ጓሮ ወስዶ ይለኩሰዋል፤ ፊሽ ብሎ ከባሕር ዛፉ በላይ ሲወጣ እጁን እያጨበጨበ ይዘላል። አንድ ቀን ግን አልወጣም፤ እዚያው ፈነዳ። አብዮት ጠባቂዎች ጥይት ነው ብለው መጥተው አባታቸውን ይዘው ሄዱ። አባታቸው ሲፈታ እያነከሰ ነበር የተመለሰው። ያን ጊዜ እታለማሁ ልጁን ጓሮ ወስዳ በጥፊ አጮለችውና «ሁለተኛ እሳት ብነካ እማዬን ይንሳኝ በል» አለችው። እያለቀሰ ማለ።

«እሱን ብዬው ነበር» አለች እታለማሁ። «የልጅነት ነገር ነው እኮ። ለዚህ ብሎ ነው የደበቀኝ?»

«መሐላውን አፍርሶት ነበር» አለች ውብነሽ። «ወር ሳይሞላ አንዲት ብቻ ብሎ ለኮሰ። በዚያው ክረምት እማማ ሞቱ። "እማዬን የነሳኋት እኔ ነኝ፤ እትዬ ሮኬቱን ካየች ይህንንም ታውቅብኛለች" ይለኝ ነበር። ስንቴ ለመንኩት መሰለዎት ንገራት ብዬ። እምቢ አለ። እኔንም አስማለኝ።»

እታለማሁ ሽቦውን ለቀቀች። እናታቸው ሆዷ ውስጥ እብጠት እንዳለባትና እንደማትድን ሐኪሙ የነገራት አባቷ ከመታሰሩ በፊት ነበር። ለእታለማሁ ብቻ ነው የነገራት። ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል ብላ ከወንድሟ ደበቀችው፤ ካደገ በኋላም የሚያነሣው ጠፋ።

«እማዬ እኮ ታማ ነበር» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ከዚያ በፊት። ከክብሪቱ ሁሉ በፊት። ማን ይንገረው አሁን?»

ውብነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ወደ ጓሮ የሚያወጣው የቤዝመንቱ በር ተንኳኳ። ውብነሽ ዓይኗን ጠርጋ ከፈተች። ቀይ ኮፍያ ያደረገችው ፈረንጅ ገባች፤ ብርቱካንማ ጨርቅ የተጠቀለለበት ረጅም ቱቦ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ታቅፋለች። በዕድሜ የገፋች ናት፤ ጉንጯ በፀሐይ ተቃጥሏል። ለቀስተኛ እንዳያይና እንዳይደነግጥ በጓሮ አምጪው ያለቻት ውብነሽ ናት።

«ጁዲ ትባላለች» አለች ውብነሽ። «ያገኘችው እሷ ናት።»

እታለማሁ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ጥርጣሬው ገና ከደረቷ አልወጣም ነበር። «ብቻውን ነበር?» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ሲሞት?»

«ሮኬቷ ስትወርድ ሊያነሣት ብቻውን ነው የሄደው» አለች ጁዲ። «አብሬህ ልምጣ ስለው "ጉልበትሽን ያምሻል፣ ተቀመጪ" አለኝ። እየሳቀ ነበር። ሲቆይብን ሄድኩ። ከጎኗ ተቀምጦ ነበር ያረፈው፤ እጁ ገመዷ ላይ ነው።»

«ወጣች?»

ጁዲ መጀመሪያ ጥያቄው አልገባትም። ኋላ ገባት። «ቀጥ ብላ። ዓይን እስከማያያት ድረስ ወጣች። እስከ ዛሬ ከሠራቸው ሁሉ በላይ።»

ቱቦውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስተኛችው። የፓራሹቱ ጨርቅና ገመድ የማሳው ጭጎጎት ወሮታል። «ላጸዳው ሞክሬ ነበር» አለች ጁዲ፣ «እጄ እምቢ አለኝ።»

«እታለም! ሰላም ነው?» ሲል ተጣራ በፈቃዱ ከደረጃው ላይ። «ከማን ጋር ነሽ?»

እታለማሁ ከጥግ አንድ ባልዲ አንሥታ ደፋችና ተቀመጠችበት። ብርቱካንማውን ጨርቅ ወደ ጭኗ ሰብስባ፣ እንዳይቀደድ በጥፍሯ ጫፍ እየያዘች፣ ጭጎጎቱን አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር።