ሃያ ሦስተኛው ቀዳዳ

መምህር ሻረው ቅናቱን ለማንም አልተናገረም እንጂ ደባርቅ ውስጥ ያላወቀለት ሰው አልነበረም። ድረስ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ መዓዛን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባቷ እሱን መልሰው ለሻረው ዳሯት። ድረስ ቂም መያዝ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሠርጋቸው ላይ በልቶ ጠጥቶ ጨፈረ፤ በዓመቱ ደግሞ ለእንግዳ ለሚያከራዩአቸው ስምንት ክፍሎችና ለመዓዛ ጠረጴዛ የኢንተርኔት ገመድ ዘረጋላቸው። ከየክፍሉ የሚመጣው ገመድ ኮሪደሩ ላይ ወደተሰቀለው ባለ ሃያ አራት ቀዳዳ ሰሌዳ በጀርባው ይገባል፤ ለየቀዳዳው ኢንተርኔቱ የሚደርሰው በፊት በኩል በሚሰካ አጭር ገመድ ነው። ድረስ ከየቀዳዳው በላይ የክፍሉን ስም ጽፎ ለጥፏል። ሻረው በዚያ ባለፈ ቁጥር፣ "እጅ ጽሑፉ እንኳ ከኔ ያምራል!" እያለ አንጀቱ ይቃጠላል።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ለምሳ ሲገባ መዓዛ ለብሳ፣ አጊጣ፣ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችው።

"እንግዳ አለ እንዴ?" አላት።

ፊቷ ጠቆረ። ቅናተኛ መቼ ማስረጃ ይፈልጋል! ሳይመጣ የቀረው እንግዳ ድረስ ነው ብሎ ደመደመ። ምሳው እንዳለቀ ወጥቶ የድረስን ወረቀቶች አንድም ሳያስቀር ከሰሌዳው ላይ ልጦ ጣላቸው።

ትናንት ደግሞ ኮሪደሩን ሊቀባ የመጣ ቀለም ቀቢ ከሰሌዳው ፊት የተሰኩትን አጫጭር ገመዶች በሙሉ ነቀለ። መዓዛ ለሁለተኛ ዲግሪ የምታመለክትበት ጊዜ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፤ የሞባይሉ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል። ሻረው አንዱን አጭር ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እያዟዟረ፣ "መጣ?" ይላል።

"አልመጣም!"

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀዳዳዎች የእንግዶቹ ክፍሎች ሆኑ። እስከ አሥራ ሁለት ሞከረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ መሰለው።

"ድረስን ልጥራው?" አለች መዓዛ።

"ምን ሊያደርግልሽ? እኔ አለሁ አይደል!"

"አንተማ አለህ። ጊዜው ነው የሌለው።" ስልኳን አንስታ ደወለች።

ድረስ ዳባት ሥራ ላይ ስለነበር በሚኒባስ ሲደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። የተላጠውን ሰሌዳ አየ፤ ሻረውን አየ፤ ማን እንደላጠው ግን አልጠየቀም። ገመዱን ተቀብሎ ሃያ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሰካው።

"መጣ! መጣ!" ብላ መዓዛ ከውስጥ ጮኸች።

ሻረው ምስጋናው ጠፋበት። "የሌላውን ከአንድ እስከ ስምንት ደርድረህ፣ የሷን ለብቻ እዚያ ጥግ የደበቅኸው ለምንድን ነው?" አለ።

"ምን እደብቃለሁ መምህር? እኔ ቁጥር የሚያዝልኝ በታቦት ነው። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው። ጥር ጊዮርጊስ የተጋባችሁበት ዕለት ስለሆነ፣ ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ እናንተ አትረሱትም ብዬ ነው።"

ሻረው ቀኑን በሆዱ ወደ ኋላ ቆጠረ። ዶሮው የተሠራው፣ ቀሚሱ የተለበሰው በዚያው ዕለት ነበር። ያኔ፣ "እንግዳ አለ እንዴ?" ያላት የጋብቻቸውን ቀን ረስቶ ኖሯል።

መዓዛ ማመልከቻዋን ልካ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል።

"ደግ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ አስታውሶታል" አለች፣ ባሏን ሳታይ።

ሻረው እስከ ዛሬ የቀናው ያለ ምክንያት ነበር። አሁን ግን ምክንያት አገኘ።