ለሊያ የተቀመጠ ወይን

ብርሃኔ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደታቀፈ ሰው በቀስታ ከጓዳው ወጣች። በዘመናት ብዛት ጎኑ ላይ የተጋገረው አተላ እንዲዘቅጥ ከትናንት ጀምሮ ቀጥ አድርጋ አቁማው ነበር። አሁን ብትነቀንቀው ድካሟ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጓዳው ከቤቷ ጀርባ፣ የጅሬንን ኮረብታ ጎን አስፈልፍላ ያሠራችው ጠባብ ጉድጓድ ነው። ሲቆፈር ጎረቤቶቿ ቆጮ ልትቀብር መስሏቸው ነበር። ብርሃን አይገባውም፤ ቅዝቃዜው በበጋም በክረምትም አይለዋወጥም፤ ግድግዳው እርጥበት ስለሚይዝ የጠርሙሶቹ ቡሽ አይደርቅም። ከሊባኖስ በልብሶቿ ጠቅልላ ያመጣቻቸው ጠርሙሶች እዚያ ውስጥ በጎናቸው ተጋድመው ኖረዋል። ሁለቱን ባለፉት ዓመታት ከፍታቸዋለች። አንደኛው ገና ጥሬ ነበር፤ እንዳልበሰለ ሙዝ ምላሷን አሰራት። የሁለተኛው ቡሽ ተበላሽቶ፣ ወይኑ የራሰ ካርቶን ሸተታት። እያዘነች ደፋችው።

በዛህሌ ከተማ አቅራቢያ፣ ቤካ ሸለቆ ውስጥ፣ ወይን ጠማቂ በነበሩት ሽማግሌ በሚስተር ናዲም ቤት ነበር ተቀጥራ የሠራችው። በሽታ አፍንጫቸውን ነስቷቸው፣ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ወይን ማሽተት ተስኗቸው ነበር። አንድ ቀን ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አድርገው «አሽትተሽ ንገሪኝ» አሏት። መጀመሪያ ቃል አጣች። ኋላ ግን ከአገሯ የምታውቀውን ሽታ ታመጣላቸው ጀመር፤ ጭቃ ላይ የወደቀ ቀይ የቡና ፍሬ፣ ዝናብ የመታው ኮርቻ፣ ከጽድ የተሠራ የቤተ ክርስቲያን በር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጧታል፤ አንዳንዴም ዕንባቸው ይመጣል። ልትሰናበታቸው ስትል ጠርሙሶቹን ሰጧት። «ልጅሽ በተወለደችበት ዓመት የለቀምነው ነው» አሏት። «ጨለማ ውስጥ አስቀምጪው። አትቸኩይበት።»

ነገ እሑድ የዋቅጋሪ ቤተሰቦች ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ወዳለው የእህቷ ቤት ይመጣሉ። ሽማግሌ ልከው ልጇን ሊያን ለልጃቸው ለዋቅጋሪ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል፤ የነገው ከእናቷ ጋር ለመተዋወቅ ነው። እናት ሆኖ የሚቀበላቸው ማን እንደሆነ ግን ደፍሮ ያነሳ አልነበረም። የወለደቻት ብርሃኔ ናት። ባሏ ሲሞትባት፣ ጡት ከጣለች ብዙም ያልቆየችውን ልጇን ለታላቅ እህቷ ለወይንሸት ትታ ተሰደደች፤ ስትመለስ ልጅቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ትመላለስ ነበር። ያሳደገቻት ወይንሸት ናት። ሊያ ወይንሸትን «እማ» ትላታለች። ብርሃኔን በምንም ስም ጠርታት አታውቅም፤ «እርስዎ» ብቻ ነው የምትላት። ያ አክብሮት ለብርሃኔ ከስድብ በላይ ይከብዳት ነበር።

ወይኑ ለነገ መድረሱን እንቅመስ ብላ ነው ወይንሸትንና ሊያን የጠራቻቸው። በልቧ ግን ዛሬ ቁርጡን ልትናገር ወስናለች፤ የነገው የእናት ወንበር የእኔ ነው ልትል።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ወይንሸት ነጠላዋን እያስተካከለች ቀድማ ገባች፤ ሊያ ተከትላት ገባችና ጎንበስ ብላ ብርሃኔን ሳመች።

«ደኅና ነዎት?»

«ደኅና። ግቡ፣ ግቡ።»

ብርሃኔ ጧፍ ለኮሰች። «በጠራራ ፀሐይ?» አለች ወይንሸት። ብርሃኔ ፈገግ ብላ ቡሹን ሳትቸኩል ሳበችው፤ ጫፉ ጠቁሯል፣ አካሉ ግን አልተበሳሳም። አሸተተችው። ጤነኛ ነው። የጠርሙሱን አንገት ከጧፉ ብርሃን በላይ ይዛ ወይኑን በቀጭኑ ወደ ብርጭቆ ጆግ ገለበጠች። ቀይነቱ ለቆ ወደ ሸክላ ቀለም አዘንብሏል። አተላው ጥቁር ክር መስሎ ወደ አንገቱ ሲቀርብ እጇን ገታች። ሊያ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ የብርሃኔን እጅ ትመለከት ነበር።

ለሦስቱም ጥቂት ጥቂት ቀዳች። ወይንሸት ተጎነጨችና ፊቷ ተኮማተረ።

«ይሄማ ሆምጥጧል! ለነገ ጠጅ ባይኖረን ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር።»

«እኔ ደግሞ ምንም አይሸተኝም» አለች ሊያ።

«ተዘግቶ ስለኖረ ነው። ትንሽ አየር ይውሰድ።»

ስለ ድንኳን፣ ስለ ዘፋኝ፣ ስለ ዋቅጋሪ አክስት ኩራት ሲጫወቱ ቆዩ። ብርሃኔ ወሬውን እየሰማች በየመሐሉ ብርጭቆዋን ታሸታለች። ቀስ በቀስ ሽታው ተነሣ፤ በመጀመሪያ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ከዚያ ቆዳ፣ ከዚያም ያ የጽድ እንጨት። ደግማ አቀመሰቻቸው። ምሬቱ ጠፍቶ ምላስ ላይ ለስልሶ ይተኛል፤ ከተዋጠም በኋላ ከአፍ አይወጣም።

«ቆይ… ቴምር» አለች ሊያ ዓይኗን ጨፍና። «አይ፣ ሌላም አለው። ዝናብ ሊጥል ሲል አፈሩ የሚሸተው ነገር።»

ብርሃኔ ደነገጠች። ሚስተር ናዲም አፍ አፏን እያዩ ሲጠብቋት ትዝ አላት። ልትናገር የሚገባት አሁን ነበር፤ አፏንም ከፈተች። ሊያ ግን በጉጉት ብዙ ተጎንጭታ ኖሮ ትን አላት። እያሳለች፣ ዞር ሳትል እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። ወይንሸትም ዞር ሳትል የውኃ ብርጭቆ አስጨበጠቻት። ሁለቱም ያደረጉትን አላወቁትም።

ብርሃኔ ያሰበችው ሁሉ ከአፏ ላይ ጠፋ። ሌላ ነገር ስትናገር ራሷን ሰማች።

«ወይንሸት፣ ነገ እናት ሆነሽ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እኔ ጓዳ እሆናለሁ።»

የወይንሸት ፊት ተለዋወጠ። «ምን ነካሽ? አደራ ነው የሰጠሽኝ። አገር ምድሩ አደራ በላች እንዲለኝ ነው?»

«ያሳደግሻት አንቺ ነሽ፤ ይገባሻል።»

«እኔን የጠየቀኝ አለ?» አለች ሊያ።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ብርሃኔን በቀጥታ አየቻት።

«ልጅ ሆኜ ለእሷ ሰጠሽኝ። እሺ፣ ችግር ነው፤ ገብቶኛል፣ ተምሬበታለሁ፣ በልቼበታለሁ። ዛሬ ምን ቸገረሽና ነው ደግመሽ የምትሰጪኝ?»

ወይንሸት «ልጄ!» ብላ ልትገሥጻት ጀምራ ተወችው። ብርሃኔ ቃላቱን በልቧ ደገመቻቸው። ሰጠሽኝ፣ ምን ቸገረሽ። ልጅቱ «እርስዎ» ማለቱን ረስታው ነበር። እንዲህ ተቆጥታባት አታውቅም፤ እንዲህ ቀርባትም አታውቅም።

«ፈርቼ ነው» አለች ብርሃኔ። «እንቢ ብትይኝ ምን እሆናለሁ ብዬ። መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ሊያ። ዛህሌ ሆኜም ስፈልግ ነው የኖርኩት። እሷን ማስነሣት ግን አልችልም።»

ወይንሸት የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። የሊያ ስልክ ጠራ። ስክሪኑን አየችና ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች፤ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

«አካም፣ ዋቅጋሪ… ኤዬ፣ ጅሬን ነኝ።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«እናቴ ጋ… አይ፣ እማም አብራኝ አለች። ሁለቱም እዚህ ናቸው። ነገ? ስለ ነገ እኮ ገና እየተነጋገርን ነው።»

ብርሃኔ ቀና አላለችም። ወይንሸት ጉሮሮዋን ጠራርጋ ብርጭቆዋን ወደ እህቷ ገፋ አደረገች።

«የሰው ስልክ አይሰማም፤ ነውር ነው» አለች በሹክሹክታ። «ይልቅ ቅጂልኝ።»

ብርሃኔ ቀዳችላት። ከዚያ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ዓይናቸውን ገርበብ ካለው በር ላይ ሳይነቅሉ ማዳመጣቸውን ቀጠሉ።