ሥጋ የማይነካው ድስት

አሲያ የፍየሉን ጎድን መክተፊያው ላይ እንዳጋደመች ስልኳ ጮኸ። እጇ ደም ስለነበር በትንሿ ጣቷ ነካ አድርጋ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው።

"አሲያ ምግብ ቤት ነው? መባ እባላለሁ። ከደሴ የመጣን መምህራን ነን። ደብረ ታቦር አድረን ወደ ጎንደር ልናልፍ ነው። ቁጥርሽን የሰጠኝ ሹፌራችን ነው። ለስድስት ሰዓት የሃያ ስድስት ሰው ምሳ ይደርሳል?"

አሲያ ቢላዋን አስቀመጠች። ሃያ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ቤቷ ገብቶ አያውቅም።

"ለምን አይደርስም። የዛሬ ፍየል ነው፤ ጥብስም ቅቅልም አለ። የሙስሊም ቤት መሆኑን ሹፌሩ ነግሮሻል አይደል?"

"ነግሮኛል። ግማሻችን ግን ክርስቲያን ነን።"

"እሱ አያስቸግርም። ጎረቤቴ ይታይሽ ክርስቲያን ናት፤ አጥር ነው የሚለየን። የእናንተዎቹ እዚያ ይበላሉ፣ የእኛዎቹ እዚህ።"

ሴትዮዋ አቋረጠቻት።

"እሱን ነው የማልፈልገው እህቴ። ከደሴ ከወጣን ጀምሮ አውቶብሱ በቆመ ቁጥር ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ነው። ይህ ጉዞ ደግሞ የሁለት መምህሮቻችን የጡረታ መሸኛ ነው። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ናቸው። ሠላሳ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አስተምረው መሸኛቸውን ሁለት ቤት ተከፋፍለው ሊበሉ ነው። አንድ ገበታ ካለሽ እንመጣለን። ከሌለሽ ከተማው መግቢያ ካለው አዲሱ ሆቴል ፓስታ በልተን እናልፋለን።" ከዚያ ያስታወሰች ያህል ጨመረችበት። "ከተስማማን እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ በየቅዳሜው የሌላ ትምህርት ቤት አውቶብስ ይከተለናል። ጉዞውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።"

"ኑ" አለች አሲያ። ምን ይዛ "ኑ" እንዳለች ራሷም አታውቅም ነበር።

አፏ የቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሏ ታጁ ክፉ ሰው ባይሆንም ባዶ ወንበር ማየት ሰልችቶታል። ሐሙስ ዕለት ቁርጡን ነግሯታል፤ እስከ ጥር መጨረሻ ቤቱ ሰው ካላገኘ ለሞባይል ጠጋኝ ይከራያል፤ እሷም ከእሱ ሱቅ ገብታ ጨርቅ ትሸጣለች። ጠጋኙ ትናንት መጥቶ መደርደሪያ የሚሰቅልበትን ግድግዳ ለክቶ ሄዷል። አሲያ ጨርቅ አትጠላም። ነገር ግን ጨርቅ የመጀመሪያውን ጉርሻ ውጦ ዓይኑን የሚከድን ደንበኛ የለውም፤ እሷ ደግሞ የምትኖረው ለዚያች ቅጽበት ነው።

ወረታ የባሕር ዳሩ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በእርሷ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ይርበዋል፤ ሁሉም ይበላል። ጎንደር ደርሶ "ወረታ ምን በላህ?" ቢባል ግን የሚያስታውስ የለም። ጥብስ ነበር መሰለኝ ይላል።

አሲያ እጇን ታጥባ አጥሩ ከፈረሰበት በኩል ሾልካ ወደ ይታይሽ ግቢ ተሻገረች። ይታይሽ ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሩዝ ትለቅም ነበር። የፎገራ ሜዳ ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሯ ላይ መስቀል አስላ ምግብ ትሸጣለች። በአሲያ በር ላይ ያለው ደግሞ ጨረቃና ኮከብ ነው። መንገደኛ ከአውቶብስ ወርዶ ሁለቱን በሮች አየት ያደርግና ሳይጠይቅ ይለያያል።

"አንድ ገበታ?" አለች ይታይሽ ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ። "ሥጋውን ማን ሊያርደው?"

"እሱ እኮ ነው የቸገረኝ።"

"እንግዲያ ሥጋ ይቅር።"

"ለእንግዳ? ሽሮ ላቅርብላቸው?"

"ዓሣስ?"

አሲያ ሳቀች። ይታይሽ ግን አልሳቀችም። ወረታ ውስጥ ዓሣ የሚበላው ቤት ያፈራው ሲጠፋ ነው። ጣና ቅርብ ስለሆነ ዓሣ አዟሪው እበር ድረስ ይዞት ይመጣል። የሩዝ እንጀራም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ይበላዋል፣ ለእንግዳ የሚያቀርበው ግን የለም። አሲያ ራሷ በግድግዳዋ ላይ "ንጹሕ የጤፍ እንጀራ" ብላ አጽፋለች። እንግዳን በዓሣና በሩዝ እንጀራ መቀበል፣ በእሷ ቤት፣ ባትመጣ ይሻል ነበር ብሎ ፊት ለፊት እንደመናገር ነው።

"አንች የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ነው" አለች ይታይሽ። "እኛ ዘንድ ለሩዝ አጨዳ ደቦ ሲጠራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው የሚመጣ። ሥጋ ከሆነ ግማሹ ሳይበላ ሊውል ነው። ስለዚህ አባቴ ሁልጊዜ ዓሣ ነበር የሚያሠራ፣ በሩዝ እንጀራ። ዓሣ እንደሁ ማን አረደው አይባልም። የደቦው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ካንድ ገበታ ነው የሚበላ። እንዲያ ጥሞኝ የበላሁት ምሳ የለም።"

አሲያ አሰበች። "በይ እሽ። ነይ ከእኔ ማድ ቤት እንሥራው።"

ይታይሽ አልተነሣችም። ከሩዙ ውስጥ አንዲት ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

"ድስትሽስ?"

"ድስቴ ምን ሆነ?"

"ሥጋችሁ የሚበስልበት ነው። የእኔም ሥጋችን የሚበስልበት ነው። ካንች ድስት የወጣውን ዓሣ የእኛዎቹ አይበሉት፤ ከእኔ የወጣውንም ያንችዎቹ አይበሉት።"

አሲያን ከፋት። አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤት ናቸው። ጨው ተበዳድረዋል፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ አርሳለች፣ የይታይሽ ባል ሲቀበር አሲያ ከለቅሶው ቤት ሳምንት አልተለየችም። ድስት ግን ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ተሻግሮ አያውቅም። ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዲት ቀን እንኳ በአፋቸው ተናግረውት አያውቁም ነበር። ሲነገር ያማል። ቢሆንም እውነት ነው፤ ይታይሽም ልታስቀይማት ብላ አልተናገረችውም።

"አዲስ እንገዛለን" አለች አሲያ። "ዛሬ ገበያ አይደለ?"

ይታይሽ ሰፌዱን አስቀምጣ ነጠላዋን አነሣች።

ከገበያ አንድ ትልቅ የብረት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ቢላዋና አንድ ማማሰያ ይዛ ተመለሰች። ጉልቻውን የጎለቱት አጥሩ ከፈረሰበት ቦታ ላይ ነው። እሳቱ የማንኛዋ ግቢ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ዓሣ ሻጩ ንብረት በባጃጅ ደረሰ። ከረጢቱን ሲገለብጠው ግማሹ ቅርፊታሙ ቀረሶ፣ ግማሹ ልሙጡ አምባዛ ነው።

"ይኸን አምባዛ መልሰው" አለች ይታይሽ።

"ምነው? የሰባ እኮ ነው።"

"ቅርፊት የለውም። ሽማግሌ ክርስቲያን አይበላውም።"

"እኔስ ክርስቲያን አይደለሁም? እበላዋለሁ።"

"አንተ ደግሞ የማትበላው ምን አለ?"

ንብረት እየሳቀ አምባዛውን ወደ ጎን አደረገ። የቀሩት አሥራ አራት ቀረሶዎች ብቻ ነበሩ። አሲያ ዓሣዎቹን አየች፣ ከዚያ ስልኳን አየች። አሁኑኑ ለሴትዮዋ ደውሎ አልተሳካም ማለት ይሻል ይሆን? ስድስት ሰዓት ላይ ከማፈር ይሻላል። ስልኩን አነሣች።

"አስቀምጭው" አለቻት ይታይሽ። "ዓሣውን ጠብሰሽ ለያንዳንዱ ላድል ካልሽ አይበቃም። በደቦም ቢሆን በቅቶ አያውቅም። አጥንቱን አውጥተን፣ ሥጋውን ፈርፍረን በሽንኩርትና በበርበሬ ነው የምንሠራው። አይብና ጎመን ይጨመርበታል። እንጀራው ጧት የጋገርሁት የሩዝ ነው። ለማወራረጃው እርጎ አለ፤ ወንድሜ የላሞቹን ልኮልኛል።"

አሲያ ስልኩን ትታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ንብረት ዓሣ ብቻ በሚነካው በገዛ ቢላዋው ዓሣዎቹን ሲልጥ፣ ይታይሽ እሾኩን በጣቷ እየዳበሰች ስታወጣ፣ አሲያ ስታቁላላ ሰዓቱ ሄደ። አንዴ ታጁ ብቅ ብሎ ከአጥሩ መካከል የሚነደውን እሳት አየና "ምንድን ነው ይኸ?" አለ። ሃያ ስድስት ሰው እንደሚመጣ ሲሰማ ወንበር ከሱቁ ማመላለስ ጀመረ።

አውቶብሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቆመ። እንግዶቹ ወረዱ፣ ወገባቸውን አፍታቱ፣ ከዚያ እግራቸው እንደለመደው መለያየት ጀመሩ። ገሚሱ ወደ መስቀሉ በር፣ ገሚሱ ወደ ጨረቃው በር።

"አንድ ላይ ነው፤ ሁላችሁም በዚህ ግቡ" አለች መባ። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ሁሉም ቆሙ እንጂ የገባ አልነበረም።

ከመካከላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ፊት ወጡ። ረጅሙ መምህር ሰውመሆን፣ ነጭ ጢም ያላቸው ደግሞ መምህር አብዱልአሊም ናቸው። ተሸኚዎቹ እነሱ እንደሆኑ የነገራት ባይኖርም አሲያ አወቀች፤ ሁሉም የሚጠብቀው እነሱን ነበር።

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" አሉ መምህር ሰውመሆን። "ምግቡን ማን ሠራው?"

"ሁለታችን ነን የሠራነ" አለች ይታይሽ ከአሲያ ጎን ሆና። "ዓሣ ነው ጋሼ። ቀረሶ ብቻ፤ ሌላ የለበትም።"

"ድስቱስ?" አሉ መምህር አብዱልአሊም። አጠያየቃቸው ለስላሳ ነበር፤ ያለዚህ መልስ እንደማይቀመጡ ግን ያስታውቃል።

አሲያ ወደ ጓሮ ሄዳ ድስቱን በሁለት ጨርቅ ይዛ መጣችና ከፊታቸው አስቀመጠችው። የፋብሪካው ወረቀት ከጎኑ ገና አልተላጠም፤ ግማሹ በእሳቱ ተቃጥሎ ግማሹ ይነበባል።

"ዛሬ ጧት የተገዛ ነው። ከዚህ ዓሣ በቀር ምንም አልነካውም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ከዚያ ተያዩ።

"በል እንግዲህ" አሉ መምህር ሰውመሆን። "ሠላሳ ዓመት ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ስትሸሸኝ ኖረህ፣ ዛሬ ምክንያት አለቀብህ።"

"እኔ ነኝ የሸሸሁት?"

"ታጠብ ታጠብ።"

ታጁ ውኃ እያፈሰሰ አስታጠባቸው። እነሱ ከተቀመጡ በኋላ የሌላው መቀመጥ ደቂቃ አልፈጀም። ወንበር ያልበቃቸው በርጩማና በለስላሳ ሳጥን ላይ ተደላደሉ።

መምህር ሰውመሆን አንዴ ጎረሱና እንጀራውን በጣቶቻቸው መካከል ይዘው አገላብጠው አዩት። "ይህ ምንድን ነው?"

አሲያ ክው አለች። እግድግዳው ላይ የተጻፈው ከሽማግሌው ራስ በላይ ጎልቶ ይታያል። ጤፍ አልቆብን ነው ልትል ፈለገች፤ ውሸት መሆኑን ግን ይታይሽ ታውቃለች።

"የሩዝ ነው" አለች። "እኛ የምንበላው እሱን ነው።"

"ነጭና ለስላሳ ነው። ታዲያ ለምን ደሴ አይመጣም?"

"መንገድ አይችልም ጋሼ" አለች ይታይሽ። "ካደረ ይደርቃል። እዚሁ መጥቶ ትኩሱን ነው የሚበሉት።"

"እንዲያ ከሆነ ጨምሪልኝ።"

ሰዉ ሳቀ፤ ጨምሪልን የሚለውም በዛ። መምህር አብዱልአሊም እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ዓሣውን ከአይብ ጋር ሲጠቀልሉ ቆይተው ነበር። ጉርሻውን አንሥተው ወደ ባልንጀራቸው አፍ ዘረጉት። ሠላሳ ዓመት የእጅ ጽሑፍ ሲመለከቱለት፣ ጠመኔ ሲዋዋሱት፣ ልጆቻቸውን አብረው ሲድሩ የኖሩትን ሰው ያን ቀን ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጎርሱት። የቤቱ ወሬ ቀዝቀዝ አለ። መምህር ሰውመሆን አፋቸውን ከፈቱ።

ውጠው እስኪጨርሱ ቆየ። "ምነው እንዲህ ማግዘፍህ? ልትገድለኝ ነው?"

"የሠላሳ ዓመት ውዝፍ ነው" አሉ መምህር አብዱልአሊም።

አሲያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰው እንዳያያት ሳህን የምታነሣ መስላ ወደ ጓሮ ወጣች። ይታይሽ ቀድማት ወጥታ ጉልቻው አጠገብ ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትጠርግ ነበር። ሁለቱም ጢሱ ነው አሉ። እሳቱ ከጠፋ ግን ቆይቷል።

አውቶብሱ ሊነሣ ሲል መባ ተመልሳ መጣች።

"የሚመጣው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ሠላሳ አንድ ሰው ነው። ሌላ እንዳትጨምሪ፣ ይህንኑ ነው የምንፈልገው። ምን ብዬ ልንገራቸው? ስሙ ማን ነው?"

አሲያ ወደ ይታይሽ ዞረች።

"የደቦ ምሳ ነው" አለች ይታይሽ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ታጁ ጓሮ ተቀምጦ ንብረት በአሮጌው መጥበሻ ጠብሶ ያስቀረለትን አምባዛ ጨረሰ። አሲያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታለች። አዲሱ ድስት ታጥቦ ድንጋይ ላይ ተደፍቷል።

"የሞባይሉ ሰውየ ማታ እመጣለሁ ብሏል" አለ ታጁ ጣቱን እየጠረገ። "ምን ልበለው?"

አሲያ ወደተደፋው ድስት አየች። አንድ ምሳ ነው፤ ዓመት ሙሉ አይደለም። የሚመጣው ቅዳሜ ሰዉ ሊቀር ይችላል፣ ዓሣም ሊጠፋ ይችላል። ታጁም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ አልተጫናትም። ተነሥቶ ጧት ሳይበስል የቀረውን ፍየል ከማድ ቤት አመጣ።

"ይህ ሥጋ ሳይበላሽ ልጣደው። ይኸ ትልቁ ይሻላል" ብሎ አዲሱን ድስት ገለበጠው።

አሲያ በባዶ እግሯ ተነሥታ ድስቱን ከእጁ ወሰደችው።

"እሱን በአሮጌው ጣደው።"

"ይኸኛው ምን ሆነ?"

"ይኸን ሥጋ አይነካውም።"

ድስቱን ይዛ እስከ አጥሩ ሄደች። ከፈረሰው ቦታ ዳር አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ቀርቷል፤ ሚስማር አለበት። ድስቱን በእጀታው ከዚያ ሰቀለችው። ይታይሽ ከወዲያ በኩል አየቻትና ገባች፤ መጥበሻውን ይዛ ወጥታ ከሥሩ ሰቀለችው።

ታጁ የፍየሉን ሥጋ እንደያዘ ቆሞ ሁለቱን ዕቃዎች ተመለከተ። ከዚያ ሥጋውን አስቀምጦ ለሞባይሉ ሰውየ ማታ እንዳይመጣ ለመደወል ስልኩን ከኪሱ አወጣ።