አሥራ አምስት ደቂቃ

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ነርስ ብዙ መናገር አትወድም። ወረርሽኙ በገባ በሦስተኛው ወር ግን በሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ የሠራተኛውን ሁሉ አፍንጫ በየጠዋቱ መመርመር ሥራዋ ሆነ። ናሙናውን ከፈሳሹ ጋር ትቀላቅልና ጠብታውን መመርመሪያው ላይ ትጥላለች፤ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። አንድ መስመር የወጣለት በእሷ ፊርማ ይገባል፣ ሁለት የወጣበት ወደ ቤቱ።

የምርት ኃላፊው የሰልፉን ርዝመት ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ስሚ እህቴ፣ ይኸው በሦስት ደቂቃ አንድ መስመር ወጥቷል። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እሱ መመርመሪያው እንደሚሠራ ብቻ ነው የሚናገረው። በሽታውን የሚያሳየው ሁለተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ይዘገያል።»

«ማሽኖቹ ቆመዋል እኮ!»

«ይቁሙ።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ስድስት መመርመሪያዎች በዓይኑ ገረፍ አደረገና «ነፃ! ሁላችሁም ነፃ ናችሁ፣ ግቡ!» አለ።

ነርሷ ሄዳ በሩ መሃል ቆመች።

«በእኔ ፊርማ ማንም አይገባም።»

ስድስቱ ሰዎች አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ያኔ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁልፍ ሲተክሉ የኖሩት፣ ምላሳቸው ስለሚቆርጥ «እትዬ መቀስ» የሚባሉት ሴት ከሰልፉ ወጥተው መሬቱ ላይ ዘጭ አሉ።

«እኔ ቤት ሳንባው የደከመ ባል አለኝ። ደግሞስ ሦስት ደቂቃ እንኳን ለበሽታ፣ ለእንቁላልም መች ይበቃል?»

ሳቅ ሆነ። ከኋላቸው ያለውም ርቀቱን ጠብቆ አንድ ባንድ ተቀመጠ።

«ሁላችሁንም ነው የማባርረው!»

«ከዚያ ማን ሊሰፋልዎት ነው?» አለ ከስድስቱ አንዱ፣ ልብስ ተኳሹ።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አንዱ መመርመሪያ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሁለተኛ መስመር ብቅ አለ። የልብስ ተኳሹ ነበር።

«ምንም አላመመኝም እኮ...» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«አይዞህ ወንድሜ። ሳያምህ ነው የደረስንበት፤ ቤትህ ግባና ለብቻህ ተኛ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ለነርሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። አንብባ ስታበቃ ግርጌው ላይ «ነገም እንዲሁ አደርጋለሁ» ብላ ጻፈችና ፈርማ መለሰችው።

በማግስቱ ሠራተኛው ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጣ። አንዳንዱ መቀመጫ የሚሆን ካርቶን ይዟል። ኃላፊው በቢሮው መስኮት ቆሞ ያያቸዋል። ቀና ብሎ ያየው ግን አልነበረም።