ለኩላሊት ሁለት ዙር

በከተማችን ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ደግነት ያቆጠቁጣል። ዝናብ ሲዘንብ ማንም ማንንም አይረዳም፤ ይጨቀያል። ፀሐይ ሲበረታም እንደዚያው፤ ያልባል። አየሩ ለሩጫ ሲስማማ ግን የሁላችንም አንጀት ይራራል። በዚህ መጸው ብቻ ለዓይን፣ ለዛፍ፣ ለአረጋውያንና ለባዘኑ ውሾች ሮጫለሁ። አራት ካናቴራ፣ አራት ሜዳሊያ። ከዓይኑ ሩጫ በኋላ ማየት የጀመረ ሰው ይኑር አይኑር አልሰማሁም፤ እኔ ግን ሰዓቴን በሁለት ደቂቃ አሻሽያለሁ።

እኔ አናጢ ነኝ። ሱቄ ከቤታችን ሥር ነው፤ ከላይ ታላቅ እህቴና እኔ እንኖራለን። እህቴ ኩላሊቷ ከተዳከመ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል፤ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት። እኔ ታክሲ እጠራላታለሁ፣ በሩን እከፍትላታለሁ፣ ከዚያ ልምምድ እሄዳለሁ። ሰው “እህትህን እንዴት ይዘሃታል?” ሲለኝ “እንደ ዓይኔ ብሌን” እላለሁ። አልዋሸሁም፤ የዓይኔን ብሌንም አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ “ለኩላሊት ሕሙማን እንሩጥ” የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ይሄስ የኔ ነው ብዬ ኮሚቴ ገባሁ። ሰብሳቢያችን የቀለም ነጋዴ ነው፤ ድምፅ ማጉያ አንዴ ከጨበጠ የሚያስለቅቀው የመብራት መጥፋት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ያለቀው በካናቴራው ቀለም ክርክር ነበር። የኩላሊት ቀለም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስለጠፋ አረንጓዴ ሆነ። ሩጫው የሚሄድበትን መንገድ የማውጣቱ ሥራ ለኔ ተሰጠኝ።

እውነቱን ልናገር። ካርታው ላይ እርሳሴን ሳሳርፍ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሩጫው በቤታችን ሥር ሁለት ጊዜ እንዲያልፍና እህቴ በመስኮት እንድታየኝ። ካናቴራዬ ጀርባ ላይም “ለእህቴ” ብዬ አስጽፌ ነበር። ሆስፒታሉን አልረሳሁትም፤ እንዲያውም መድረሻውን ከበሩ ፊት ለፊት ያደረግኩት ለፎቶ እንዲያምር ብዬ ነው። በዚያ ቀን ታክሲ በየት በኩል እንደሚገባ ግን አልታየኝም።

ሐሙስ ዕለት ማሽኑ ተበላሽቶ እህቴ ሳትታጠብ ተመለሰች። አርብ ሌሊቱን እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አደረች። የሆስፒታሉ ነርስ ቀድማ ደውላ ነግራታለች፤ ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በፊት ካልደረሰች የምትታጠብበት ወንበር ለሌላ ይሰጣል፤ እስከ ማክሰኞ ደግሞ ሰውነቷ አይችለውም።

“እኔ አደርስሻለሁ” አልኳት። “ሩጫው አንድ ሰዓት ላይ ተጀምሮ ከሁለት በፊት ያልቃል።”

“ሰብሳቢያችሁ ይናገራል?”

“ትንሽ።”

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” አለች። “ታክሲ ቅጠርልኝ።”

ለሁለት ሰዓት ቀጠርኩላት።

ሰብሳቢው አንድ ሰዓት ላይ ማጉያውን ጨበጠ። ስለ ኩላሊት ጥቅም ተናገረ፣ ስለ ራሱ ልጅነት ተናገረ፣ ከዚያ ነገሩ እንዴት እንደዞረ አላውቅም፣ ውሃ ስለማያሳልፍ የግድግዳ ቀለም ተናገረ። ሩጫው የተጀመረው ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ነው። ቀድሜ ወጥቼ ወደ ቤት መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም፤ ከፊተኛው መስመር ቦታ ይዤ ነበርና።

በቤታችን ሥር ሳልፍ ቀና አልኩ። እህቴ በመስኮት ብቅ ብላ ሁለት እጇን ታወዛውዛለች። አልደብቅም፣ እንባዬ መጣ። እኔም አወዛወዝኩላትና ፍጥነት ጨመርኩ። ከጎኔ የሚሮጠው ሰው “እናትህ ናቸው?” አለኝ።

“እህቴ ናት” አልኩት እያለከለኩ። “ታማብኛለች። ለሷ ነው የምሮጠው።”

“ታድላ” አለ።

በሁለተኛው ዙር እህቴ መስኮቱ ላይ የለችም። በር ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ገርጥቷል። ከመስመሩ ወጥቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

“ስጠራህ እጅህን ታወዛውዝልኛለህ?” አለችኝ። ቃላቱ አንድ በአንድ ነው የሚወጡት። “ታክሲው መንገድ ተዘግቷል ብሎ ቀረ። አምቡላንስ ጋ ደወልኩ፤ ለሯጮች ተመድቧል አሉኝ። ማነው ይሄን ነገር በዚህ በኩል ያመጣው?”

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ማሰር ጀመርኩ። እህቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምታዬን ታነባለች።

“ድሮም ከእንጨት ሌላ የሚገባህ ነገር የለም” አለች። “በል፣ እንጨትህ ይጥቀመን። ጋሪህን አምጣ።”

ዕቃ የማመላልስበትን የእጅ ጋሪ ከሱቅ አወጣሁ። እንጨቱ እንዳይቆረቁራት ብዬ ለአንድ ጠበቃ የሠራሁትን ቀይ ጨርቅ የለበሰ ባለ ክንድ ወንበር ጫንኩበትና በገመድ አሰርኩት። እህቴ ስትቀመጥበት ልትፈርድ የወጣች ዳኛ መሰለች። ተከሳሹ ከኋላ ሆኖ ይገፋል።

መቶ እርምጃ ሳንሄድ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰች አስተባባሪ እጇን ዘርግታ አስቆመችን።

“ጋሼ፣ እርስዎ ይለፉ፤ ቁጥር አለዎት። እሳቸው ግን ተሳታፊ ናቸው ወይስ ተጠቃሚ?”

“በሽተኛ ነኝ” አለች እህቴ።

“እንግዲያው ተጠቃሚ ነዎት፣ እትዬ። ተጠቃሚዎች በሩጫው መስመር አይሄዱም፤ ድንኳን ተተክሎላቸዋል። ደንቡ ላይ አለ።”

ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን። “ተጠቃሚ” የሚለውን ቃል ያመጣው ሰብሳቢው ነው፤ “በሽተኛ” ስፖንሰር ያስደነግጣል ብሎን ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን ነበር። በሽተኛ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ተጠቃሚ ግን ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ውሃ እየጠጣ፣ የሚጠቀምበትን ቀን ይጠብቃል። የኩላሊት በሽተኛ ውሃ በልክ እንደሚጠጣ እንኳ ከኮሚቴው ያሰበ አልነበረም።

ከመከራከር ይልቅ ቁጥሬን ከደረቴ ፈትቼ እህቴ ሻርፕ ላይ ሰካሁት። “ይኸው፣ ተሳታፊ ሆነች” አልኩ። ልጅቷ ቁጥሩን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ምልክት አደረገችና አሳለፈችን። አልቀየምኳትም፤ የታዘዘችውን ነው የሠራችው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። “በርቺ፣ በርቺ” ይሏታል። “ቁጭ ብዬ ምን ልበርታ?” አለች እህቴ ለራሷ። አንዱ ጎልማሳ ጀርባዬ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ለኔ ወንድምነት ነው ያለቀሰው። አቀበቱ ጋ ስንደርስ እስትንፋሷ እንደ አሮጌ መጋዝ ሲያንቋርር ሰማሁት፤ ያኔ ፈራሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። “ደርሰናል እትዬ፣ ደርሰናል” እላለሁ፤ ገና ነበርን።

መድረሻው ላይ ስንደርስ ለሦስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ይቀር ነበር። የሆስፒታሉ በር ከፊታችን ወለል ብሎ ተከፍቷል። በመሐል ግን ሰብሳቢው ማጉያውን ይዞ ቆሟል። ጋሪውን ሲያይ ፊቱ በራ።

“ክቡራትና ክቡራን፣ የዛሬው ሩጫ ትርጉም ይኸውላችሁ” አለ። “ተጠቃሚያችን ራሳቸው ተሳታፊ ሆነው መጡ።” ፎቶ አንሺዎች ከበቡን። ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አጠለቀላት፣ ፎቶው እንዳልወጣ ሲነግሩት አውልቆ ደግሞ አጠለቀላት፣ ከዚያም ማጉያውን ወደ አፏ አስጠግቶ “አንድ ቃል ይበሉን” አለ።

እህቴ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ጠበቀ።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለች። “አሁን ከመንገዱ ዞር በልልኝ።”

ጭብጨባው ቀለጠ። ሰብሳቢው ቀልድ መስሎት እየሳቀ እዚያው ቆመ። በጋሪው ጎማ እግሩን ረገጥኩት፤ ያን ጊዜ ዞር አለ።

ነርሷ በሥራ ልብሷ ላይ አረንጓዴውን ካናቴራ ደርባ በር ላይ ትጠብቃለች፤ የበላይ ትእዛዝ ነው አለች፣ ሳንጠይቃት። እህቴን አስተኝታ መርፌውን ሰካች፤ ደሟ በቀጭኑ ቱቦ ወጥቶ ማሽኑን መዞር ሲጀምር ግድግዳውን ተደገፍኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። አምስት ወንበሮች አሉ። አራቱ ተይዘዋል፤ ከእህቴ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው።

“ሰዓት ሠሪውስ?” አለች እህቴ ባዶውን ወንበር እያየች።

“መንገድ ተዘግቶብኛል ብሎ ደውሎ ነበር” አለች ነርሷ። “አሁን ስደውልለት ግን አያነሳም። ብቻውን ነው የሚኖረው። መንገድ ስለተዘጋ እስከ አራት ሰዓት ወንበሩን ልይዝለት እችላለሁ፤ ከዚያ ግን አልችልም።”

እህቴ ወደኔ ዞረች። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝም እመርጥ ነበር።

“ሐሙስ እሱም ሳይታጠብ ነው የተመለሰው” አለችኝ በዝግታ። “ጋሪህን ያዝና ሂድ፣ አምጣው። አሁን ሩጥ።”

ሮጥኩ። ኮሪደሩን ጨርሼ ወጣሁ፣ ጋሪውን አዙሬ ግቢውን አቋረጥኩ፣ በሩ ላይ ስደርስ ግራና ቀኝ አይቼ ቆምኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ከእህቴ ጎን የሚተኛውን ሰው አላውቀውም። ቤቱን አላውቅም፣ መልኩን አላውቅም፣ ስሙንም አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ጋሪውን እዚያው አቁሜ፣ የት እንደሚኖር ልጠይቃት ወደ ውስጥ ተመለስኩ።