ካሜራው ያጣት ሴት

ቺጉሳ ናጊናታዋን፣ ያንን ባለ ረጅም እጀታ የእንጨት ጎራዴ፣ ወደ ላይ ስታነሳ ከኋላዋ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ የብርሃን ማዕበል አብሯት ይነሳል። መትታ ስታወርደው ማዕበሉ ተሰብሮ ወለሉ ላይ ይበተናል። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው፣ በጨለማም የሚያየው ካሜራ እንቅስቃሴዋን ይከተላል፤ ኮምፒውተሩ ማዕበሉን በብርሃን ይስላል። እስከዚህ እሰየው ነው።

ችግሩ ከምቱ በኋላ ነው። በወይዘሮ ኢዋኩራ የናጊናታ ትምህርት ቤት የሰለጠነ ሰው መትቶ ወዲያው አይዝናናም። የወደቀው ጠላት ሊነሳ ይችላልና ዓይኑን ሳይነቅል ባለበት ቀጥ ይላል። ቺጉሳ ቀጥ ስትል ግን ካሜራው መድረኩ ላይ ሰው የለም ብሎ መብራቱን ድርግም ያደርገዋል።

«ኧረ ጣትሽን እንኳ ወዝወዝ አድርጊያት!» አለ የመብራት ባለሙያው ቶኩጂ ከአዳራሹ ጥግ። «እኔ እንኳ ሰው መሆንሽን አውቃለሁ፤ ማሽኑ ነው ያላመነው።»

ወዘወዘች። መብራቱ በራ።

«በረደሽ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ኢዋኩራ ከፊተኛው ወንበር።

ቺጉሳ አፈረች። ከልጅነቷ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ካልፈቀዱ የዛሬ ማታው የዳንስ ትርኢት ቀረ ማለት ነው። በርሊን ያሉት የዳንስ መምህራኖቿ ደግሞ ዳንስ ሳያቋርጥ የሚፈስ ነገር ነው ብለው አስተምረዋት ነበር። ወደ ጃፓን፣ ወደ ከተማዋ ማትሱዬ ከተመለሰች ወዲህ የትኛውን እንደምታምን አታውቅም። ያንን ጣት መወዝወዝ ግን የትም ቦታ እንዳልተማረችው ታወቃት።

«ቶኩጂ፣ ተወው። ይጥፋ።»

«ይጥፋ? ሰው ትኬት ቆርጦ ጨለማ ሊያይ?»

«ይጥፋ አልኩህ!»

እንደገና ጀመረች። ማዕበሉ ተነሳ፤ ተሰበረ። ቀጥ አለች። አዳራሹ ጨለመ። ክንዷ መቃጠል ጀመረ። አሁን ትንሽ ብታሳርፈው ማን ያያታል? አላሳረፈችውም።

«አለሽ?» አሉ ወይዘሮ ኢዋኩራ።

«አለሁ፣ መምህር።»

«ክንድሽ አልወረደም?»

«ካላመኑኝ መጥተው ይዳስሱት!»

የቶኩጂ ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የወንበር ሲጥታ፤ ቀጥሎ መድረኩን በእግራቸው እየፈለጉ የሚወጡት የአሮጊቷ ማጉረምረም። ገና አንድ እርምጃ መድረኩ ላይ ሲራመዱ ካሜራው አገኛቸው። ብርሃኑ ከእግራቸው ሥር ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ውይ!» ብለው ሁለት እጃቸውን አነሱ። ማዕበሉም ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያ ተነሳ።

የናጊናታው ጫፍ ከግንባራቸው ትይዩ፣ እንዳለ ነበር። ጫፉን አዩ፤ ቺጉሳን አዩ።

«ማታ ጨለማውን ትንሽ አስረዝሚው» አሉ። «ሰዉ ደንገጥ ይበል።»

«ፈቀዱ ማለት ነው?»

«ዝም በይና ቁሚ፤ ብርሃኔን ትወስጂብኛለሽ።» ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ወረወሩት። ማዕበሉ ተከተላቸው። በግራም ሞከሩት።

«መምህር፣ ይውረዱ እንጂ፣ በር ሊከፈት ነው!» አለ ቶኩጂ።

«አንድ ጊዜ ብቻ!»

ቺጉሳ ቀጥ እንዳለች ለመቆየት የቻለችውን ያህል ታገለች፤ ሳቋ ግን አሸነፋት።